ንጉሡ ራሳቸውን ሲጽፉ

ባለፈው ክረምት እዚህ ሻሸመኔ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ፣ «ራስን ማወቅ ለተሻለ አመራር» በሚል ርእስ የሁለት ቀን ሥልጠና ተሰጥቶ ነበር። እኔም ጡረታ ከመውጣቴ በፊት አሥራ አንድ ዓመት በርእሰ መምህርነት ስለ ሠራሁ «ልምድ ያካፍላል» ተብዬ ተጠራሁ። አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ አንደበቱ የቀና ወጣት ነው። ምሳሌዎቹ ግን ሁሉም ባሕር ተሻግረው የመጡ ነበሩ። ከሻይ ዕረፍት በኋላ ነጭ ወረቀት አደለንና ጠንካራና ደካማ ጎናችንን እንድንጽፍ ጠየቀን፤ ስም መጻፍ አያስፈልግም። ወረቀቱ ተሰብስቦ ሲነበብ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ከ«ደካማ ጎን» ሥር አንዱ «ሥራ አበዛለሁ» ብሏል፤ ሌላው «ሰውን ቶሎ አምናለሁ»፤ ሦስተኛዋ «ለሥራ ስል ቤተሰቤን እበድላለሁ»። ሠላሳ የሚሆን የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ተሰብስቦ አንድ ጥፋት አልተገኘበትም። የእኔ ወረቀት «እምቢ ማለት አልችልም» ይላል። ውሸቴን ነው። እኔ እምቢ ስል የኖርሁ ሰው ነኝ።

ማታ ቤቴ ስገባ ከመደርደሪያዬ ያወረድሁት መጽሐፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ነው። አዳራሹ ውስጥ ሳላነሣው የቀረሁት ጥያቄ ነበረኝና። ለመሆኑ ከእኛ መሪዎች መካከል ራሱን ለማየት የሞከረ ማን ነው? የቀደሙት ነገሥታት ታሪካቸውን ጸሐፌ ትእዛዝ ይጽፍላቸው ነበር። ስለ ራሳቸው፣ በራሳቸው አንደበት፣ ይህን ያህል ገጽ የተዉልን ንጉሠ ነገሥት እርሳቸው ናቸው። እንግዲህ ነጩ ወረቀት አስቀድሞ የታደለው ለእርሳቸው ነው ማለት ይቻላል። ምን ጻፉበት?

የመጀመሪያው ቅጽ የተጻፈው በስደት፣ እንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ ነው። ተጽፎ ያለቀው በ1929 ዓ.ም. ቢሆንም የታተመው በ1965 ዓ.ም. ነው። ኤድዋርድ ኡለንዶርፍ ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት ትርጉም በ1976 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ደራሲውም ዙፋኑም አልነበሩም። በተማሪነቴ ሳነብበው ሰልችቶኝ ከመካከሉ ተውኩት። ዘንድሮ ግን የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ያዙኝ። ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ሐረርጌ ውስጥ ኤጀርሳ ጎሮ የተወለደው ልጅ ሁለት ዓመት ሳይሞላው እናቱን አጣ። በ13 ዓመቱ ደጃዝማች ተባለ፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ መጋቢት 1898 ዓ.ም. አባቱ ራስ መኰንን ሞቱ። ሹመቱና ሐዘኑ ተከታትለው ነው የመጡት። እንደዚህ ያለ ልጅ ከሰው ፊት የሚያነብበውን ነገር የምናውቀው ያሳደጉን አክስቶች ያሉን ሰዎች ነን፤ ማን እንደሚወደው፣ ማን እንደሚታገሠው፣ ማን መሞቱን እንደሚጠብቅ ቶሎ ይለያል።

ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የነካው የሐሮማያ ሐይቅ ታሪክ ነው። በ1907 ዓ.ም. ወጣቱ የሐረርጌ ገዥ ከሰዎቹ ጋር የተሳፈረበት ጀልባ ሰመጠ። እርሱ ተረፈ፤ ከተሳፋሪው ብዙው አለቀ። ከሞቱት አንዱ መምህሩ አባ ሳሙኤል ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ስለ እኒህ መምህር ሲያነሡ ብዕራቸው ይለሰልሳል፤ ሌላ ቦታ ለማንም ያልለሰለሰውን ያህል። ከእኔ የሚሻል ሰው ነበረ፣ እርሱ ሞቶ እኔ ቀረሁ የሚል ስሜት ከመስመሩ ሥር ይሰማኛል፤ በቃል አልተጻፈም፤ እኔ ነኝ የሰማሁት። አንድ መሪ ራሱን ወደ ማወቅ የሚገባበት በር ይህ ይመስለኛል። በሩ ተከፍቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን መጽሐፉ ሌላ ሰው የጻፈው ይመስላል። ልጅ ኢያሱ ሲወርዱ፣ አልጋ ወራሽነቱ ሲመጣ፣ ብዕሩ ቆሞ መሄድ ይጀምራል፤ ደረቱን ነፍቶ። የ1916 ዓ.ም. የአውሮፓ ጉዞ ግብዣው በግብዣ ላይ ይደረደራል። አዋጁ፣ ውሉ፣ ደብዳቤው፣ ንግግሩ በሙሉ ቃሉ ይገባል። ሥራውን አላቃልልም። የባሪያ ንግድን የሚከለክለው አዋጅ፣ ማተሚያ ቤቱ፣ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት፣ የ1923ቱ ሕገ መንግሥት በዚያን ጊዜ ቀላል ነገር አልነበሩም፤ ብዙ ባላባት ጥርሱን ነክሶባቸዋል። የእኔ ቅሬታ በግሡ ላይ ነው። አማርኛችን ለመሪ የሚመች አንድ የግሥ ቅርጽ አለው፤ «አሠራሁ፣ አስቆፈርሁ፣ አስተከልሁ»። ድንጋዩን የተሸከመው ሰው ሳይጠራ ሥራው ይጠራል። «ሠራን» ያለ እንደሆነ ከማን ጋር ተብሎ ይጠየቃል፤ «አሠራሁ» ያለ ግን ጠያቂ የለበትም። የመጽሐፉ የኋለኛ ምዕራፎች በዚህ ዓይነት ግሥ የተሞሉ ሆነው አገኘኋቸው። ስሕተትን የሚናገር ግሥ ስፈልግ ደግሞ ባለቤቱ ሌላ ሰው ነው፤ ያልታዘዘው ሹም፣ የከዳው መኳንንት፣ ቃሉን ያጠፈው የዓለም መንግሥታት ማኅበር።

ወደ ርእሱ ተመልሼ አየሁት። «ሕይወቴ» ይላል እንጂ «ሕይወታችን» አይልም፤ በአዋጅ ላይ «እኛ» ለሚሉ ንጉሥ ይህ ራሱ ትሕትና ነው፤ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ቀጥላ አንዲት ፊደል አለች። «ና»። ሕይወቴ-ና-የኢትዮጵያ እርምጃ። ይቺ ፊደል ሁለቱን እንደ በሬ በአንድ ቀንበር ጠምዳቸዋለች። ሰውዬው ከተራመደ አገር ተራመደች፤ አገር ከተሰናከለች ግን ማን ተሰናከለ? የራሱን ሕይወት ከአገር እርምጃ ጋር የጠመደ ሰው «እዚህ ላይ ተሳስቻለሁ» ለማለት ቢፈልግ እንኳ አገሪቱን ያዋረደ ይመስለዋል። ስለዚህ ዝም ይላል። ዝምታው ተንኮል አይደለም፤ የቀንበሩ ጠባይ ነው።

«መጽሐፉ እኮ በስደት የተጻፈ የክርክር ሰነድ ነው፤ ንስሐ ከየት ይመጣል?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። እውነት አለው። ጠላት አገሩን ይዞ፣ «ለምን ወጡ?» የሚል ሐሜት በየአደባባዩ እየተወራ፣ ደካማ ጎኑን የሚዘረዝር ንጉሥ ሞኝ ነው። በዚያ ላይ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ በአማርኛ ያደረጉት ንግግር ከሁሉም የላቀ የመሪነት ሰዓታቸው ይመስለኛል። ጦር የለ፣ ግምጃ ቤት የለ፣ ዙፋን የለ። የጣሊያን ጋዜጠኞች እያፏጩባቸው አንድ ቀጭን ሰው ቆሞ ለተበደለ ሕዝብ ይናገራል። ቀንበሩ ተፈትቶ ስለ ነበር ነው እላለሁ። ያን ቀን የነበራቸው ሕይወታቸውና የአገራቸው ጉዳት ብቻ ነበር፤ እርምጃ አልነበረም። ክርክሩ ግን የ1929ኙን ጸሐፊ እንጂ የ1965ቱን አሳታሚ አያድንም። መጽሐፉ ለሕዝብ የወጣው ደራሲው ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። በመካከሉ ሠላሳ ስድስት ዓመት አለ። እኔ ግን ስሰማ የነበርሁት የዚያን የአርባ አምስት ዓመት ስደተኛ ድምፅ ነው፤ ሽማግሌውን ብፈልግ አላገኘኋቸውም።

ይህን መጽሐፍ ሻሸመኔ ሆኖ ማንበብ ሌላ ነገር ነው። ከተማችን መገናኛ ናት፤ ከአዲስ አበባ የመጣው መንገድ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ባሌና ወደ ወላይታ የሚለያየው እዚህ ነው። በሰሜን በኩል መልካ ኦዳ ላይ «ጃማይካ ሰፈር» አለ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1940 ዓ.ም. አካባቢ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለኢትዮጵያ ለቆሙ የባሕር ማዶ ጥቁር ሕዝቦች አምስት ጋሻ መሬት፣ ሁለት መቶ ሄክታር ማለት ነው፣ ሰጡ። ስጦታው የተሰጠው ዶክተር መላኩ በያን በ1937 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ ባቋቋሙት በኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽን በኩል ነበር። ውለታ የማይረሳ ንጉሥ ነው ይህን የሚያደርግ። ስደት ያስተማራቸው ነገር እንደ ነበረ እዚህ መሬት ላይ ይታያል፤ የተቸገሩ ቀን ማን እንደ ደረሰላቸው አልዘነጉም።

ነገር ግን ምስጋናው ባሕር ሲሻገር እግር ሥር ያለው አርሲ ገበሬ አልታየም። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ሽማግሌ አባታቸው በዚሁ አካባቢ ጭሰኛ ነበሩ። ማታ ማታ ደጃፌ ተቀምጠን የመጽሐፉን አንዳንድ ገጽ አነበብሁላቸው፤ ጸጥ ብለው ይሰማሉ። «አባቴ፣ ባለ ርስቱን ያውቁት ነበር?» አልኋቸው።

«የት አይቼው!» አሉ። «ምስለኔውን ነው የማውቀው። እርሱም ቢሆን ከበቅሎው አይወርድም።»

ሽማግሌው ንጉሡን አልረገሙም፤ ረሃብም በደልም ሲያነሡ «ጃንሆይ አያውቁ ይሆናል» ይላሉ። ይህ አባባል ድሮ ልቤን ያሞቀው ነበር። አሁን ሳስበው ለአንድ መሪ ከዚህ የከፋ ምስክርነት የለም። የጭሰኝነቱ ነገር የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ አበቃ። አዋጁ የጃማይካኖቹንም መሬት ጠራርጎ ወስዶ ኋላ ጥቂቱን መልሶላቸዋል።

ከጃማይካ ሰፈር ጋር ሌላም ነገር ይነሣል። እዚያ የሚኖሩት ራስ ተፈሪያውያን ለንጉሡ የሚሰጡት ክብር ለሰው የሚሰጥ አይደለም። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ላይ አውሮፕላናቸው ሲያርፍ የጎረፈው ሕዝብ ብዛት ንጉሡን እንኳ አስደንግጦ ለጊዜው ከአውሮፕላኑ ሳይወርዱ ቆይተዋል። በዓመቱ የካናዳ ራዲዮ ጋዜጠኛ ስለዚሁ እምነት ሲጠይቃቸው ሰው መሆናቸውን፣ እንደ ማንኛውም ሰው የሚሞቱና በሌላ የሚተኩ መሆናቸውን ለሰዎቹ ነግሬአቸዋለሁ ብለው መለሱ። እንግዲህ ያውቁ ነበር። ራስን ማወቅ ማለት ይህ ከሆነ ከእርሳቸው የበለጠ ማን ያውቃል? ነገር ግን ይህንኑ የሚያውቁ ሰው የ1948ቱን ሕገ መንግሥት ለሕዝባቸው ሲሰጡ አራተኛው አንቀጽ አካላቸው ቅዱስ፣ ክብራቸው የማይነካ፣ ሥልጣናቸውም የማይነቀፍ መሆኑን ደንግጓል። ለካናዳው ጋዜጠኛ «ሰው ነኝ» ማለት ይቻላል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን «እርስዎም ሰው ነዎት» የሚል አፍ በሕግ ተዘግቷል። የሥልጠናው ወጣት ያላነሣልን ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ሰው ራሱን በመስታወት ያውቃል ተብሎ ይታሰባል፤ እኔ ግን የሹም መስታወቱ የሌላ ሰው አፍ ነው ባይ ነኝ።

ደፍሮ የተናገረ አልጠፋም። ከእኛ ከተማ ወደ ምዕራብ፣ በአላባ በኩል፣ የሶዶ መንገድ ይወስዳል። ግርማሜ ንዋይ የወላይታ ገዥ ሆኖ መሬት ለሌላቸው ገበሬዎች መሬት ማከፋፈል ጀመረ። ባለ ርስቶች አቤት አሉ፤ ግርማሜ ወደ ጅጅጋ ተዛወረ። ይኸው ሰው ከወንድሙ ከጄኔራል መንግሥቱ ጋር ሆኖ ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሡ ብራዚል ሳሉ መፈንቅለ መንግሥት ሞከረ። ከዚያ የሆነውን ሁላችን እናውቃለን። ጥይት መስታወት አይደለም፤ ብዙ ንጹሕ ሰው አልቋል፤ ለዚያ ምሕረት አልጠይቅለትም። ግን በሶዶና በጅጅጋ መካከል ባለው ዝውውር ጊዜ ንጉሡ ግርማሜን አስጠርተው «ለምን አደረግኸው?» ብለው አንድ ከሰዓት በኋላ ቢሰሙት ኖሮ እያልሁ አስባለሁ። አስጠርተውት ከሆነም ቢያንስ ፖሊሲው አልሰማውም።

መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ብዙ ሳይቆይ፣ በጥቅምት 1973 እ.ኤ.አ.፣ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ የሚያሳይ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን አቀረበ። ደራሲው በቤተ መንግሥት «እርምጃ»ን ሲያሳትሙ ወሎ ላይ መራመድ የማይችል ሕዝብ ነበር። በዚያው በ1973 እ.ኤ.አ. ሌላ መጽሐፍ አሜሪካ ውስጥ ወጥቷል፤ የአስመሮም ለገሠ የገዳ ጥናት። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ ያስገርማል። አስመሮም ያጠኑት ቦረና ቢሆንም ሥርዓቱ የአርሲም ነው፤ እዚሁ ደጃችን የነበረ። ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየተማረ ያድጋል፤ ተራው ሲደርስ ስምንት ዓመት ይመራል፤ ከዚያ ያስረክባል፤ ካስረከበ በኋላ አማካሪ ሆኖ ከሰው ጋር ይኖራል። የሚወርድበትን ቀን ከሚወጣበት ቀን ጋር አብሮ ያወቀ መሪ ራሱን ከአገር ጋር በ«ና» ለመጥመድ ጊዜ የለውም። የአርሲ ሴቶችም ሲበደሉ ሲንቄያቸውን ይዘው ወጥተው ሹም ቢሆን ባል ቢሆን ፊት ለፊት ያቆማሉ። ገዳን እንደ ገነት ለመሳል አይደለም፤ ሥልጣኑ የወንዶች ነበር፤ ሲንቄውም ያስፈለገው ለዚህ ነው። በ2009 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው ከተማችን ጨፍሯል፤ እኔም ጨፍሬያለሁ። የሥልጠናው አዳራሽ ውስጥ ግን አንድም ጊዜ ስሙ አልተጠራም።

የሌሎቹንም ርእሶች መደርደሪያዬ ላይ እያየሁ ነው። የኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በ2004 ዓ.ም. የወጣው መጽሐፍ «ትግላችን» ይባላል፤ የፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ የ2006ቱ ደግሞ «እኛና አብዮቱ»። ንጉሡ ቢያንስ «ሕይወቴ» ብለው ነበር። እዚህ «እኔ» የሚባለው ጠፍቶ «እኛ» ሆኗል፤ «እኛ» ውስጥ የገባ ጥፋት ደግሞ ለስንት እንደሚካፈል እግዜር ይወቀው። የፍሥሐ ደስታ «አብዮቱና ትዝታዬ» «ና» ቢኖርበትም ትዝታ ከሕይወት ያነሰች ናትና ትንሽ ቀለል ይላል። ከሁሉም የወደድሁት የልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴን ነው፤ «ካየሁት ከማስታውሰው»፣ በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመው። እምሩ ከተፈሪ ጋር ሐረር ላይ በአንድ ቤት ያደጉ፣ በአንድ መምህር የተማሩ ናቸው። ሰባት ዓመት ገደማ በጣሊያን እስር ቤት ቆዩ፤ መሬታቸውን ለጭሰኞቻቸው አከፋፈሉ። በርእሳቸው ላይ «ና» የለም። «ከ» ነው ያለው፤ ከማየው ውስጥ ያየሁት ይህ ብቻ ነው፤ ሌላውን ሌላ ሰው አይቶት ይሆናል እንደ ማለት። አገር የመሩት ግን እምሩ አይደሉም።

ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ላቆም ነበር። ለጡረታ ስወጣ ያስረከብሁት የሥራ ዘገባ ቅጂው ከእነዚሁ መጻሕፍት አጠገብ ባይኖር ኖሮ። አወጣሁትና አነበብሁት። «በርእሰ መምህርነት ዘመኔ» ይላል የመጀመሪያው መስመር። አጥር አሳጠርሁ፤ ጉድጓድ አስቆፈርሁ፤ ሦስት መቶ የግራቪሊያ ችግኝ አስተከልሁ። አንድ ዓመት በወላጆች ስብሰባ ላይ ይህንኑ ችግኝ ስጠቅስ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ የነበሩት ሴትዮ ከኋላ ወንበር ሆነው «ጋሼ፣ ያን ዕለት እርስዎ አዳማ ስብሰባ ላይ ነበሩ እኮ» ብለው ሳቁ። ወላጆችም ሳቁ። ችግኙን ከወንዶ ገነት በጭነት መኪና ተጭነው ያመጡት እርሳቸውና ተማሪዎቹ ነበሩ። በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ሴትዮዋን ከቤተ መጻሕፍቱ አንሥቼ መዝገብ ቤት መደብኋቸው። «የሥራ ሽግሽግ» ብዬ ነበር የጻፍሁት።

በዚህ ወር መጀመሪያ ኩየራ ወዳለው ቤታቸው ሄድሁ። ቡና አፈሉልኝ። እንዴት እንደምጀምር ጨንቆኝ ስለ ዛፎቹ አነሣሁ፤ አድገው ጥላ ሆነዋል አልኋቸው። ዛፎቹን ብዙም አላስታወሷቸውም።

«እትዬ፣ ያን ጊዜ እኔ…» ብዬ ስጀምር ስኒውን አኖሩትና አቋረጡኝ።

«ቁልፉን ነው የማልረሳው። የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ ከእጄ የተቀበሉኝ ዕለት ልጆች በር ላይ ቆመው ነበር። ጋሼ፣ ቁልፉን ግን ለማን ሰጡት?»

አላስታወስሁም።